በበረዶ ተራራ ላይ መራመድን እንደ ገና ስንማር

ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ያለፈ፣ ጤናው የተሟላ ሰው «ዛሬ የምናስተምርህ መራመድ ነው» ቢባል ምን ይመልሳል? እኛ በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ይህን ቃል በሰማን ጊዜ በልባችን ሥቀናል። ከሣቁም ጋራ ሌላ አሳብ ነበረን። «እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ይህ ተራራማ ነው እየተባለ የሚነገርለት የሻሞኒ ከተማ ግን 1,035 ሜትር ብቻ ነው» እያልን እንኩራራ ነበር። ይህ ኩራት ስንት ሰዓት እንደ ቆየ ወደ ፊት እንናገራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሥራ ጉዳይ ወደ ጄኔቭ ተልከን ሳለ ጉባኤው ካለቀ በኋላ የአንድ ሳምንት ዕረፍት አገኘን። ከጄኔቭ ሰማዩ በጠራ ቀን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለተመለከተ ሰው የደመና ክምር የሚመስል ነጭ ነገር ይታየዋል። ደመናው ግን ጧትም ማታም ከቦታው አይነቃነቅም። ይህ ሞን ብላን ነው፤ ትርጓሜውም ነጭ ተራራ ማለት ነው። በምዕራብ አውሮጳ ካሉት ተራሮች ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን፣ ጫፉን የሸፈነው በረዶ አንዳንድ ጊዜ ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ ከፍታው አንድ ጊዜ 4,808፣ ሌላ ጊዜ 4,806 ሜትር እየተባለ ይለካል። በጉባኤው ቀናት ንግግሩ በረዘመብን ቍጥር በመስኮት ስናየው ሰንብተን ነበርና፣ ዕረፍታችንን በገበያ ከመዞር ብለን በአውቶቡስ ተሳፍረን ከሥሩ ወደምትገኘው ወደ ሻሞኒ ሄድን። እዚያም ለጀማሪዎች በተዘጋጀ የአምስት ቀን ትምህርት ተመዘገብን።

እውነቱን ለመናገር የፈለግነው ትምህርቱን አልነበረም። የፈለግነው በተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣትና ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን ማሳየት ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋው መሪያችን ይህን ከፊታችን ላይ ሳያነቡት አልቀሩም። ገና ስንተዋወቅ «በአምስት ቀን ውስጥ ሞን ብላንን አይወጡም፤ መራመድን፣ መውደቅንና ገመድ መታሰርን ይማራሉ፤ ከተሳካልን በመጨረሻው ቀን አንዲት ትንሽ ተራራ እንሞክራለን» አሉን። ሌላዋ ተማሪ ከሊዮን ከተማ የመጡ፣ በቅርቡ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ነበሩ። እርሳቸው ሳቅ አላሉም፤ ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ።

ሻሞኒ የዚህ ትምህርት አገር የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። (ከዚህ በታች ስለ አውሮጳ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1760 ደ ሶሱር የተባለ የጄኔቭ ሊቅ ወደ ሞን ብላን ጫፍ የሚያደርስ መንገድ ለሚያገኝ ሰው ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ አስነገረ። ሽልማቱ ሃያ ስድስት ዓመት ጠበቀ። በነሐሴ 8 ቀን 1786 የመንደሩ ሐኪም ሚሼል ጋብርኤል ፓካርና ከተራራ የከበረ ድንጋይ እየለቀመ የሚሸጠው ዣክ ባልማ ጫፉን ረገጡ። በእጃቸው የነበረው ረጅም ዘንግ ብቻ ነው። ገመድ አልታሰሩም፤ የበረዶ መጥረቢያም አልያዙም። ዛሬ በዚያ ሁኔታ ልሂድ የሚል ሰው ቢኖር የሻሞኒ መሪዎች እብድ ነው ይሉታል።

እኛስ ምን ያዝን? መጀመሪያ የራስ ቁር፤ ቀጥሎም በወገብና በሁለቱ ጭኖች ዙሪያ የሚታሰር ጠንካራ መታጠቂያ፤ ተከፍቶ የሚዘጋ፣ ካራቢነር የሚባል የብረት ቀለበት፤ ጫማው ሶሉ የማይታጠፍ፤ መነጽሩም ጥቁር፤ በበረዶ ላይ የሚንጸባረቀው ፀሐይ ያለ መነጽር ዓይንን በአንድ ቀን ያቃጥላልና። ከሁሉ ያስደነቀን ግን ክራምፖን የሚባለው ከጫማ ሥር የሚታሰረው ባለ አሥራ ሁለት ጥርስ ብረት ነው። ኦስካር ኤከንስታይን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1908 ገደማ ቅርጹን አስቦ ሣለው፤ ከተራራው ማዶ በኢጣልያ በኩር ማየር የሚኖር ሄንሪ ግሪቬል የተባለ የመንደር ብረት ቀጥቃጭ ሠርቶ አወጣው። ሁለቱን ወደ ፊት የሚያገጡ ጥርሶች ደግሞ የግሪቬል ልጅ ሎረን በ1929 ጨመረባቸው። ባለ እጅን መናቅ ልማድ ሆኖ በኖረበት አገር ለተወለድን ለእኛ፣ የአንድ ቀጥቃጭ ቤተ ሰብ ስም እስከ ዛሬ በተራራተኞች ሁሉ እግር ሥር ተጽፎ ማየት ጥቂት ሳያሳስበን አልቀረም።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት የተሰጠን «የበረዶ ባሕር» በሚባለው በመር ደ ግላስ ላይ ነው። በ1909 ሥራ የጀመረ ጥርስ ያለው የባቡር ሐዲድ ሞንታንቬር እስከሚባለው ቦታ ያወጣል። ሐዲዱ ሲሠራ መንገደኛው ከባቡር እንደ ወረደ በረዶው ከጣቢያው እምብዛም ሳይርቅ ከፊቱ ተዘርግቶ ያገኘው ነበር። ዛሬ ግን ከጣቢያው እስከ በረዶው ድረስ ጥልቅ ገደል ሆኗል፤ እኛ በሄድንበት ጊዜ በመቶ የሚቈጠር የብረት ደረጃ መውረድ ያስፈልግ ነበር። በዓለቱ ላይ በየደረጃው ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ተለጥፈዋል፤ በረዶው በዚያ ዓመት እስከዚህ ይደርስ ነበር ለማለት ነው። እኛ በተማርንባቸው ዓመታት ላይ ስንደርስ ቆም ብለን ወደ ታች አየን፤ በረዶው ገና ሩቅ ነበር። መሪያችን በዚህ ቦታ ላይ ምንም አላስረዱም፤ ዝም ብለው ወረዱ።

የበረዶ ግግር ምን እንደ ሆነ የገባን ከታች ስንደርስ ነው። በቋንቋችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም በአንድ ቃል በረዶ እንለዋለን። መሪያችን ግን ለእያንዳንዱ ዓይነት ስም ነበራቸው። እኛም እዚህ ላይ እንደ ላባ ለስልሶ የሚወርደውን በመጽሐፍ ቃል አመዳይ፣ የጠነከረውን በረዶ እንላለን። በተራራው ራስ ላይ የወረደው አመዳይ በበጋ ቀልጦ አያልቅም። የዘንድሮው በአምናው ላይ፣ የአምናውም በካቻምናው ላይ እየተጫነ፣ ከሥር ያለው ይታመቅና አየሩ እየወጣ ወደ ሰማያዊ ድፍን በረዶ ይለወጣል። ይህም በራሱ ክብደት እንደ ማር ቀስ እያለ ቍልቍል ይፈሳል። ከሥሩ ያለው መሬት ድንገት ሲያዘቀዝቅ ወይም ሲታጠፍ፣ የላይኛው በረዶ መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሠላሳና አርባ ሜትር የሚጠልቅ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በታች ያለው ከላይ ባለው ክብደት ተጭኖ ስለሚለጠጥ መልሶ ይገጥማል።

ይህን የመሰለ ነገር በአገራችንም ነበረ ስንላቸው መምህርቲቱ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ሊቃውንት ድንጋዩን መርምረው እንዳረጋገጡት፣ በጥንተ ዘመን በባሌ የሳነቴ አምባና በስሜን ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር። ዛሬ በአፍሪካ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ብቻ ነው፤ እርሱም እያለቀ ነው።

በመር ደ ግላስ ታችኛው ክፍል አመዳዩ በበጋ ስለሚቀልጥ ስንጥቁ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይታያል። የሚታይ ገደል ደግሞ ገደል ቢሆንም አያታልልምና ለጀማሪ ይመቻል። ትምህርቱም በቀላሉ የሚነገር፣ በእግር ግን የማይታዘዝ ነው። በሰው ልማድ ወደ ላይ ሲወጡ በጣት፣ ወደ ታች ሲወርዱ በተረከዝ መርገጥ ነው። በክራምፖን ግን አሥሩም የታች ጥርሶች በአንድነት እንዲነክሱ ጫማው ጠፍጥፎ በበረዶው ላይ ማረፍ አለበት፤ ተዳፋቱ በበዛ ቍጥር ቍርጭምጭሚት ይታጠፋል፣ ጕልበት ይሰበራል። ሁለቱም እግሮች እንደ ፈረሰኛ ጥቂት ተራርቀው ይሄዳሉ፤ አለበለዚያ የአንዱ እግር ጥርስ የሌላውን ሱሪ ይይዛል። እኛ ይህን ምክር ከሰማን ከሩብ ሰዓት በኋላ የግራ እግራችን ጥርስ የቀኙን ሱሪ ከጕልበት እስከ ቍርጭምጭሚት ቀድዶት በግንባራችን ተደፋን። የደጋው ልጅ ኩራት እዚያው ላይ አለቀ፤ ብናሰላው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ኖሯል ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ለ ቱር ከሚባለው መንደር ተነሥተን አራት ሰዓት ያህል ከወጣን በኋላ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ካለው የተራሮች ማደሪያ ደረስን። ማደሪያው በቤልጅጉ ንጉሥ በቀዳማዊ አልቤር ስም የተጠራ ነው። ንጉሡ በተራራ ወጪነት የታወቁ ነበሩ፤ በ1934 በገዛ አገራቸው ብቻቸውን ዓለት ሲወጡ ወድቀው ሞቱ። በማደሪያው ውስጥ ሹምና ተራ ሰው በአንድ ረጅም ገበታ ላይ ይበላሉ፤ በአንድ ረጅም መደብ ላይ ይተኛሉ። መሪያችን በዚያ ማታ አንድ የአገሩን ልማድ ነገሩን፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ሰው ለሰው «እርስዎ» አይባባልም፤ ሁሉም «አንተ» እና «አንቺ» ነው። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «ገመድ ረጅም ቃል አይጠብቅም» አሉን። በማግሥቱ ልማዱ እንደሚነካን ስላወቅን ጥቂት ቅር ማለታችንን አንደብቅም።

በሦስተኛው ቀን መውደቅን ተማርን። ይህ ከአምስቱ ቀን ሁሉ የሚያስቀውም የሚጠቅመውም ነው። ከታቹ ሜዳ የሆነ፣ ድንጋይም ስንጥቅም የሌለው የአመዳይ ተዳፋት ይመረጣል፤ ክራምፖኑ ይወልቃል። ከዚያ ተማሪው ሆን ብሎ ይንሸራተታል፤ አንድ ጊዜ በመቀመጫው፣ አንድ ጊዜ በጀርባው፣ በመጨረሻም ራሱን ወደ ታች አድርጎ። መጥረቢያው በዚህ ጊዜ የሕይወት ነገር ነው። አንዱ እጅ ከራሱ ላይ፣ ሌላው እጅ ከዘንጉ ግርጌ ይይዛል፤ የመጥረቢያው ራስ ከትከሻ አጠገብ፣ ዘንጉም በደረት ላይ አግድሞ ይሆናል። ወዲያው የመጥረቢያው ራስ ወዳለበት ወገን ተገልብጦ በሆድ መተኛትና መንቍሩን በደረት ክብደት በአመዳዩ ውስጥ መትከል ነው። በተቃራኒው ወገን የተገለበጠ ሰው ግን የዘንጉ ሹል ጫፍ አስቀድሞ መሬት ይይዝና መጥረቢያውን ከእጁ ይመነጭቀዋል። ክራምፖን ያደረገ ሰው ደግሞ እግሩን ወደ ላይ ማንሣት አለበት፤ ጥርሱ ድንገት ቢነክስ ቍርጭምጭሚቱን ሰብሮ ያገለብጠዋልና። ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ፍጥነት ነው። በመጀመሪያው ሁለት ሜትር ያልቆመ ሰው ከዚያ በኋላ የሚቆመው ተዳፋቱ ሲያልቅ ነው። እኛ ሃያ ጊዜ ያህል ወደቅን፤ መምህርቲቱ ሃያ አምስት ጊዜ። እርሳቸው አምስቱን የጨመሩት በፈቃዳቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ገመድ መጣ። ስለ ገመድ የሚናገር ሰው ሁሉ በ1865 በማተርሆርን የሆነውን ሳያነሣ አያልፍም። በሐምሌ 14 ቀን ሰባት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ተራራ ወጡ። ሲወርዱ በልምዱ ደካማ የነበረው ወጣት አዳልጦት ሦስቱን ይዞ ወደቀ፤ ገመዱም በመካከል ተበጠሰ። አራቱ ሞቱ፤ ዊምፐርና ሁለቱ የታውግቫልደር አባትና ልጅ ተረፉ። የተበጠሰው ቍራጭ እስከ ዛሬ በዜርማት ቤተ መዘክር ይታያል፤ ይዘውት ከነበሩት ገመዶች ሁሉ ቀጭኑ ነበረ። የዛሬው ገመድ ከናይሎን ይሠራል፤ ሲጐተት እየተለጠጠ የመውደቁን ኀይል ይቀንሳል እንጂ እንዲህ በቀላሉ አይበጠስም። ይህም ሆኖ መሪያችን እንደ ነገሩን በበረዶ ግግር ላይ የሚያስፈራው የገመድ መበጠስ ሳይሆን የገመድ መላላት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በላይኛው የግግሩ ክፍል ስንጥቁ ሁሉ በአመዳይ ተከድኗል። ክዳኑም የበረዶ ድልድይ ይባላል። አንዳንዱ በቅሎ ይሸከማል፤ አንዳንዱ ድመት አይሸከምም፤ ከላይ ሲታይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ሦስት ሰዎች በመካከላቸው አሥር አሥር ሜትር ያህል ትተው ይታሰራሉ፤ አንዱ ሲገባ ሌሎቹ ከስንጥቁ ውጭ እንዲቀሩ ነው። በስንጥቁ ርዝመት አይሄዱም፤ ዘወትር አግድሞ ይሻገሩታል። በመካከል ያለው ገመድ አመዳዩን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ወይም ገና ሲነካው ልኩ ነው። ገመዱን ጠቅልሎ በእጅ መያዝ ግን ክልክል ነው። እጅ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሜትር ጓደኛህ የሚወድቀው ሜትር ነው ተባልን። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን።

አራተኛው ቀን ጧት ሰውን ከስንጥቅ ማውጣት ስንለማመድ ዋልን ማለት ይቻላል። የወደቀውን የያዘው ሰው መጥረቢያውን ተክሎ ይተኛል። ሁለተኛው ሰው በአመዳዩ ውስጥ አግድሞ ቦይ ይቈፍርና መጥረቢያ ይቀብርበታል፤ ገመዱንም በዚያ ላይ ያስራል፤ ይህ መልሕቅ ይባላል። በገመዱ ላይ ደግሞ ካርል ፕሩሲክ የተባለው የኦስትርያ ሰው በ1931 ያስተዋወቀው ቋጠሮ ይታሰራል። ቀጭን ገመድ በወፍራሙ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል፤ ክብደት ሲያርፍበት እንደ መዥገር ነክሶ ይይዛል፤ ክብደቱ ሲነሣ በእጅ ይንሸራተታል። የተንጠለጠለው ሰው ሁለት እንዲህ ያሉ ቋጠሮዎች ካሉት፣ አንዱን ከመታጠቂያው፣ ሁለተኛውን ከእግሩ አስሮ እንደ መሰላል ራሱን ያወጣል። ካልቻለም ከላይ ያሉት ገመዱን በቀለበቶች ወዲያና ወዲህ አጥፈው እንደ መዘውር ይስቡታል፤ ሦስት ሜትር ሲሳብ ሰውየው አንድ ሜትር ይወጣል፤ ድካሙ ግን ሲሶ ያህል ይሆናል።

ከቀኑ 5 ሰዓት ሲሆን ወደ ማደሪያው ለመመለስ ተነሣን። ወደ ታች ሲወረድ ጠንካራው ሰው ከኋላ ይሆናልና መምህርቲቱ ከፊት፣ እኛ ከመካከል፣ መሪው ከኋላ ሆነን ሄድን። ፀሐይዋ ጠንክራ አመዳዩን አለሳልሳው ነበር። ቍልቍለት ስለ ሆነ ገመዱ ከእግራችን ሥር እየገባ ሲያስቸግረን፣ እንዳንረግጠው ብለን ሦስት ሜትር ያህል ጠቅልለን በግራ እጃችን ያዝነው። ለትንሽ ጊዜ ነው ብለን ነበር።

መምህርቲቱ ሲጮኹ አልሰማንም። አንድ ጊዜ ቀይ የራስ ቁራቸው ከፊታችን ይታየን ነበር፤ በሚቀጥለው ጊዜ አይታይም። የያዝነው ጥቅል ከእጃችን ተተርትሮ ሲወጣ በጓንታችን ላይ እንደ እሳት ተሰማን፤ ወዲያው ወገባችንን አንድ ነገር መታንና በግንባራችን ወድቀን ወደ ቀዳዳው ተሳብን። መጥረቢያው መቼ እንደ ተተከለ አናውቅም፤ ሃያ ጊዜ የወደቀው ሰውነት ራሱ ሠርቶታል። ከኋላችንም የመሪው ገመድ ተወጠረ። ቆምን። ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ እስከ ዛሬ በጆሯችን አለ።

«ያዝ! አትነሣ!» አለን መሪው፤ አንተ ማለቱ በዚያች ሰዓት ቅር አላለንም። መልሕቁን ቀብሮ ገመዱን አሰረና በደረቱ እየተሳበ ወደ ጫፉ ሄደ፤ ገመዱ የስንጥቁን ከንፈር እንዳይቈርጥ መጥረቢያ ከሥሩ አጋደመበት። ከታች ድምፅ መጣ፤ ትከሻቸው ተመትቶ ነበር እንጂ ደኅና ነበሩ። ሁለቱን ቋጠሮዎች ራሳቸው አስረው እስከ ከንፈሩ ድረስ ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኛ በመዘውሩ ሳብናቸው። ሁሉም ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሲወጡ ፊታቸው እንደ አመዳዩ ነጥቶ ነበር።

መሪው ጓንታችንን አየ። መካከሉ ተቃጥሎ ነበር። «ገመዱ በእጅህ ነበር?» አለን። «አዎን» አልን። ሌላ ቃል አልጨመረም። መምህርቲቱ ግን ውሃ ከጠጡ በኋላ «ሦስት ሜትር እዚያ ውስጥ በጣም ረጅም ናት» አሉንና ከያዙት ዳቦ እኩሌታውን ቈርሰው ሰጡን። ያንን ዳቦ ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ወሰደብን።

ለመጨረሻው ቀን የታሰበችው ተራራ በፈረንሳይና በስዊስ ድንበር ላይ ያለችው 3,429 ሜትር ከፍታ ያላት ቴት ብላንሽ ነበረች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል በባትሪ መብራት ተነሣን። ተራራ ወጪዎች ሌሊት የሚነሡት ለትጋት ብለው አይደለም። በጠራ ሌሊት አመዳዩ ይረጋል፤ የረጋ ድልድይ ደግሞ ሰው ይሸከማል፤ ፀሐይ ሳይሞቅ ሄዶ መመለስ ስለሚያስፈልግ ነው። በዚያ ሌሊት ግን ደመና ነበር፤ ደመና ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ቅዝቃዜውን ያስቀረዋል። ሲነጋ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነበርን። ጫፏ ከፊታችን፣ እጅ ቢዘረጉ የምትነካ ትመስል ነበር። መሪው ቆሞ የመጥረቢያውን ዘንግ በአመዳዩ ላይ ተጫነ። እስከ ራሱ ድረስ ያለ ምንም ችግር ገባ። ጥቂት ፈቀቅ ብሎ እንደ ገና ሞከረ፤ እንደ ገና ገባ። ከዚያ ዞሮ «የሚናገር አለ?» አለን።

በዚህ ጊዜ በሻሞኒ የሰማነው አንድ ታሪክ ትዝ አለን። በነሐሴ 1820 ሐሜል የተባለ በሩስያ ንጉሥ አገልግሎት ያለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከመሪዎች ጋራ ወደ ሞን ብላን ሲወጣ የአየሩ ሁኔታ ክፉ ነበር። መሪዎቹ ለመመለስ ፈልገው ሳለ እርሱ ገፋፍቷቸዋል እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲወቀስ ኖሯል። የበረዶ ናዳ ወረደና ሦስቱን መሪዎች ጠርጎ በስንጥቅ ውስጥ ቀበራቸው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1821፣ የሻሞኒ መሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ፎርብዝ የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ የበረዶውን አካሄድ ለክቶ ሬሳቸው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በግግሩ ግርጌ ይወጣል አለ። በ1861 አጥንታቸውና የልብሳቸው ቍራጭ በቦሶን ግግር ጫፍ ላይ ብቅ አለ።

ይህን እያሰብን ዝም አልን። ዝም ያልነው ግን በማሰብ ብቻ አልነበረም። በጉባኤ ላይ ሊቀ መንበሩ «አስተያየት ያለው?» ሲል ዓይኑን ወደ ወረቀቱ ዝቅ ማድረግ የለመደ ሰው በ3,200 ሜትርም ልማዱን አይተውም። ፎቶግራፉም ነበር። መምህርቲቱ ዓይናቸውን ወደ እኛ መለሱ፤ ጠበቁን። አንድ ደቂቃ ያህል ሆነ መሰለን። በመጨረሻ «እንመለስ» አልን። ድምፃችን ለራሳችን እንኳ እንግዳ ነበር። መሪው «በገመድ ላይ ድምፅ አይቈጠርም፤ አንድ ሰው እንመለስ ካለ በቂ ነው» አለና ገመዱን አስተካክሎ መምህርቲቱን ወደ ታች አስቀደመ። እርሱ አስቀድሞ መወሰኑን፣ የጠየቀን ግን እንድንናገር ብሎ መሆኑን በኋላ መምህርቲቱ ነገሩን። እኛ አሁንም እርግጠኞች አይደለንም።

ስንወርድ በእጃችን ላይ አንድ ክንድ ገመድ እንኳ አልነበረም። ሁለት ጊዜ እግራችን እስከ ጕልበት ሠጠመ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከኋላ ያለው ገመድ ወዲያው ተወጠረ። ከማደሪያው በታች መሪያችን ከገመዱ ፈቱንና እጃችንን ጨብጠው «ደኅና ይግቡ፤ እርስዎ መጥረቢያውን እንዳይረሱ» አሉን። ወደ «እርስዎ» ተመልሰን ነበር።

ጄኔቭ ስንገባ በሆቴሉ የቀረው የሥራ ጓደኛችን የተራራውን ጫፍ ፎቶግራፍ ጠየቀን። የለንም አልነው። በኪሳችን የነበረውን ባለ ስድስት ሚሊሜትር ቀጭን ገመድ አውጥተን በወንበሩ እግር ላይ የፕሩሲክን ቋጠሮ አሠራር አሳየነው። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስት ጊዜም ተንሸራተተበት። በአራተኛው ያዘ።